በጎረቤቶቹ የሚታወቅ ቁጥር

ፒተር ባርሎ በዎሊች በሚገኘው የእንግሊዝ ወታደራዊ አካዳሚ ሒሳብ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1811 ስለ ቁጥሮች ጠባይ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ባለ19 አሃዝ ቁጥር ጠቅሶ፣ ከዚህ የሚበልጥ የዚህ ዓይነት ቁጥር ወደፊትም ማንም አያገኝም ሲል ደመደመ። አይቻልም ማለቱ አልነበረም። እነዚህ ቁጥሮች የሚያስገርሙ እንጂ የሚጠቅሙ ስላልሆኑ ከዚህ በላይ የሚደክምላቸው ሰው አይኖርም ማለቱ ነው። ትንቢቱ 65 ዓመት ቆይቶ ፈረሰ። ከዚያ ይበልጥ የሚገርመው ግን የጥቅሙ ጉዳይ ነው። የዚያ ባለ19 አሃዝ ቁጥር እምብርት የሆነ ባለ10 አሃዝ ቁጥር ዛሬ በየስልኩ፣ በየኮምፒውተሩና በየመረጃ ቋቱ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል።

ቁጥሩ 2,147,483,647 ነው። ሁለት ቢሊዮን ከአንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን ከአራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ከስድስት መቶ አርባ ሰባት።

እንዲህ ተጽፎ ሲታይ ለዓይን የሚነግረው ነገር የለም፤ አንድ ሰው በዘፈቀደ የደረደራቸው አሃዞች ይመስላል። መልኩ የሚገለጠው በአንድ ከፍ ሲል ነው። 2,147,483,648 ከሁለት በስተቀር ምንም የሌለበት ቁጥር ነው፤ 31 ሁለቶች እርስ በርስ ሲባዙ የሚገኝ፣ በአጭሩ 2³¹። የእኛ ቁጥር ከዚያ አንድ የጎደለው ነው። ኮምፒውተር እንደሚጽፈው በዜሮና በአንድ ብቻ ከተጻፈ ደግሞ 31 አንዶች ተሰልፈው ይታያሉ፣ ሌላ ምንም የለም። በአሥር አሥር የመቁጠር ልማዳችን የሸፈነው ሥርዓት ይህ ነው።

በዚህ ምዕራፍ ደጋግሜ የምመለስበት ሐሳብ አለኝ። ይህ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ብቸኛ ቁጥር ደግሞ ከፍተው ሊያዩት አይችሉም። 12ን ብንጠይቀው ሦስትና አራት፣ ሁለትና ስድስት እያለ ውስጡን ይዘረግፍልናል። 2,147,483,647 ዝም ይላል። ስለዚህ ስለ እርሱ የምናውቀውን ሁሉ የምናውቀው በዙሪያው ካሉት፣ በተለይም አንድ ከሚያንሰውና አንድ ከሚበልጠው ነው። ብቸኛ መሆኑን እንኳ ያረጋገጥነው በዚህ መንገድ ነው።

የጣሊያኑ፣ የፈረንሳዩና የመነኩሴው ዝርዝር

ታሪኩ የሚጀምረው ከፍጹም ቁጥሮች ነው። 28ን የሚያካፍሉት ከራሱ በስተቀር 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ናቸው፤ ሲደመሩ ተመልሰው 28 ይሆናሉ። እንዲህ ያለውን ቁጥር የጥንት ግሪኮች ፍጹም አሉት። ኤውክሊድ በመጽሐፉ ዘጠነኛ ክፍል መጨረሻ ላይ እነዚህን ቁጥሮች ማግኛ መንገድ አሳይቷል፦ ሁለትን ደጋግመህ አባዛ፣ አንድ ቀንስ፣ የቀረው ብቸኛ ከሆነ አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው የሁለት ብዜት አባዛው። 7 ብቸኛ ነው፣ በ4 ሲባዛ 28 ይሰጣል። 31 ብቸኛ ነው፣ በ16 ሲባዛ 496 ይሰጣል። ባርሎ የመጨረሻው ይሆናል ያለው ቁጥር በዚሁ መንገድ 2,147,483,647 በ2³⁰ ተባዝቶ የተገኘው 2,305,843,008,139,952,128 ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ሁሉ የሚያርፈው ከሁለት ብዜቶች አንድ ሲቀነስ የቀረው ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ነው። ጣሊያናዊው ፒየትሮ ካታልዲ እ.ኤ.አ. በ1588 እስከ 750 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በሰንጠረዥ ይዞ አንድ በአንድ እያካፈለ 2¹⁷ እና 2¹⁹ አንድ ሲቀነስላቸው ብቸኛ መሆናቸውን አረጋገጠ። በዚህ ቢያቆም መልካም ነበር። እርሱ ግን 23፣ 29፣ 31 እና 37ንም ጨመረባቸው። ፈረንሳዊው ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 የ23ቱን በ47፣ የ37ቱን በ223 አካፍሎ ጣላቸው፤ የ29ኙን ቆይቶ የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ233 አካፈለው። ከአራቱ ግምቶች የቆመው የ31 ብቻ ነው። ካታልዲ ልክ ነበር ለማለት ግን ይቸግረኛል፤ ያላረጋገጠውን ነገር መገመቱ እንጂ ማወቁ አይደለም።

ቁጥሮቹ ዛሬ የሚጠሩት በማሪን መርሴን ስም ነው። መርሴን የፓሪስ መነኩሴ ሲሆን የዘመኑ ሊቃውንት ደብዳቤ በእርሱ በኩል ይመላለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1644 እስከ 257 ድረስ የትኞቹ ርቢዎች ብቸኛ ቁጥር እንደሚሰጡ ዝርዝር አወጣ። 31ን በትክክል አስገባ፤ 67ንና 257ን በስህተት ጨመረ፤ 61ን፣ 89ንና 107ን ዘለለ። ዝርዝሩን ለማጥራት ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ፈጀ። ከዘለላቸው አንዱን፣ 61ን፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ያገኘው ኢቫን ፔርቩሺን የሚባል በኡራል አካባቢ የሚያገለግል የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቄስ ነበር።

ኦይለር ሥራውን እንዴት አቀለለው

ሌዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 የ65 ዓመት ሰው ነበር፣ በሴንት ፒተርስበርግ። ቀኝ ዓይኑ ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ግራውን የዓይን ሞራ ጋርዶታል። ባለፈው ዓመት ቤቱ በእሳት ጋይቷል። ሥራዎቹን ለልጆቹና ለረዳቶቹ እየነገረ ያስጽፍ ነበር፤ የሚገርመው ከቀድሞውም በፍጥነት ማስጻፉ ነው። በዚያ ዓመት ከበርኑሊ ቤተሰብ ለአንዱ በላከው ደብዳቤ ውስጥ 2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን አስታወቀ።

በካታልዲ መንገድ ቢሄድ ምን ይጠብቀው ነበር? አንድ ቁጥር አካፋይ ካለው፣ ትንሹ አካፋይ ከቁጥሩ ዳግም ዘር አይበልጥም። የእኛ ቁጥር ዳግም ዘር ከ46,341 በጥቂቱ ያንሳል፤ እስከዚያ ድረስ 4,792 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። አንዱን ማካፈል አምስት ደቂቃ ይፈጃል ብንል 400 ሰዓት ያህል ሳይሳሳቱ ማካፈል ይጠይቃል። ያንንም ለማድረግ መጀመሪያ የ4,792ቱ ዝርዝር በእጅ መኖር አለበት።

ኦይለር የተጠቀመበት ብልሃት በቀሪ መቁጠር ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን አዲስ ነገር አያደርገውም። የ2030 ዓ.ም.ን እንውሰድ፤ ለምን ይህን ዓመት እንደመረጥሁ በኋላ ይታያል። 5,500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7,530 ይሆናል። በ19 ሲካፈል 396 ጊዜ ደርሶ 6 ይተርፋል፤ ድርሻው ይጣላል፣ ቀሪው ይያዛል። ከ6 አንድ ተቀንሶ ወንበሩ 5 ነው። 5 በ11 ተባዝቶ 55፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 25፤ 5 በ19 ተባዝቶ 95፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 5። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 የሚሆኑት 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሆኑ ነው። ሊቁ ሺዎቹን ዓመታት እየጣለ ከሠላሳ በማይበልጡ ቀሪዎች ብቻ ይሠራል፤ መልሱም አይዛነፍም። ኦይለርም ያደረገው ይህንኑ ነው፣ ግዙፉን ቁጥር ትቶ ቀሪውን መከተል።

አንድ ብቸኛ ቁጥር 2,147,483,647ን ያለ ቀሪ አካፈለው እንበል። ይህን ያልታወቀ ቁጥር እንግዳው እንበለው። ከአንድ ተነሥተን እጥፍ እጥፍ እያደረግን፣ ከእንግዳው በላይ በሄድን ቁጥር እየገደፍን ቀሪውን እንያዝ። 31 ጊዜ ካጠፍን በኋላ የምንደርሰው 2³¹ ላይ ነው። እርሱ ደግሞ የእኛ ቁጥር አንድ የሚበልጥ ጎረቤት ስለሆነ በእንግዳው ሲገደፍ የሚተርፈው አንድ ነው። ወደ ተነሣንበት ተመልሰናል ማለት ነው። ቀድመን ልንመለስ እንችል ነበር? የመጀመሪያው ዙር ርዝመት 31ን እኩል መክፈል አለበት፤ 31 ራሱ ብቸኛ በመሆኑ ዙሩ ወይ አንድ ወይ 31 እርምጃ ነው። በአንድ እርምጃ ሁለት እንጂ አንድ ላይ ስለማንደርስ ዙሩ ልክ 31 ነው።

እዚህ ላይ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 የደረሰበት፣ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ራሱ ኦይለር በማስረጃ ያጸናው ሕግ ይገባል፦ ከእንግዳው አንድ ባነሰ ብዛት ብናጥፍ የግድ አንድ ላይ እንገኛለን። ስለዚህ ከእንግዳው አንድ ሲቀነስ የሚቀረው በ31 የሚካፈል ነው። እንግዳው ጎዶሎ ቁጥር በመሆኑ አንድ ሲቀነስለት በሁለትም ይካፈላል። ባጭሩ እንግዳው ሊሆን የሚችለው የ62 ብዜት ላይ አንድ የተጨመረበት ብቻ ነው። ተመሳሳይ ነገር በትንሽ ቁጥር ማየት የሚፈልግ 2¹¹ን ይሞክር። አንድ ሲቀነስለት 2,047 ነው፤ አካፋዮቹ 23 እና 89 ሲሆኑ ሁለቱም የ22 ብዜት ላይ አንድ ሲጨመር የሚገኙ ናቸው።

ሁለተኛ ወንፊትም አለ፤ ማስረጃው ረዘም ስለሚል እዚህ አልገባበትም። እንግዳው በ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ብቻ መትረፍ አለበት። ሁለቱ ወንፊቶች ሲደረቡ እስከ 46,340 ድረስ ከ400 ያነሱ ቁጥሮች ይቀራሉ፤ ከነዚያም ብቸኛ የሆኑት ከመቶ አይሞሉም። የመጀመሪያው 311 ነው፤ ብናካፍልበት 35 ይተርፋል። ቀጣዩ 1,303 ነው፤ 226 ይተርፋል። በመካከላቸው የሚሞከር የለም። አራት መቶ ሰዓት የነበረው ሥራ ወደ አንድ ሰሞን ሥራ ወረደ። ሁሉም ተሞክረው አንዱም አላካፈለም፤ እንግዳ የሚባል አልነበረም።

ቁጥሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ትልቁ የታወቀ ብቸኛ ቁጥር ሆኖ ቆየ። ባርሎም ትንቢቱን የተናገረው በዚህ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ፈረንሳዊው ኤዱዋር ሉካ የ2¹²⁷ን ጎረቤት ብቸኛነት ሲያረጋግጥ ባለ39 አሃዝ ቁጥር ላይ ተደረሰ። የሉካ መንገድ፣ በኋላ አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር እንዳጠራው፣ ማካፈልን ጨርሶ ትቷል። ከ4 ይነሡ፤ በራሱ አባዝተው ሁለት ይቀንሱ፤ በሚመረመረው ቁጥር ገድፈው ይድገሙት። ለ31 ሲሆን 4፣ ከዚያ 14፣ ከዚያ 194 ተገድፎ 8፣ ከዚያ 62 ይመጣል፤ 62 በ31 ሲገደፍ ዜሮ ነው። ዜሮ መምጣቱ ብቸኛነቱን ይመሰክራል። ለ2,147,483,647 የሚያስፈልገው 29 እርምጃ ብቻ ሲሆን ትዕግሥት ያለው ሰው በወረቀት ሊጨርሰው ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው አንድ የሚበልጠው ጎረቤት ሁለትን ብቻ ይዞ ስለተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የተገኘውና 41,024,320 አሃዝ ያለው የዛሬው ትልቁ ብቸኛ ቁጥርም የዚሁ የመርሴን ወገን ነው።

ግራና ቀኙ

ጎረቤቶቹን ከጠራን አይቀር ጥቂት እንጎብኛቸው። የሒሳብ ሰዎች አንድን ቁጥር ሲመድቡ የሚጠይቁት በአመዛኙ ስለ ዝምድና ነው።

መንታ አለው? ሁለት የሚያንሰው ቁጥር በ5 ያበቃል፣ ሁለት የሚበልጠው በ3 ይካፈላል፤ ስለዚህ መንታ ብቸኛ የለውም። ቅርቡ የሆኑት ብቸኛ ቁጥሮች ከታች 2,147,483,629፣ ከላይ 2,147,483,659 ናቸው። የሁለት ካሬዎች ድምር ነው? በ4 ሲካፈል 3 ስለሚተርፍ አይደለም። እነዚህ በአንድ መስመር የሚያልቁ ናቸው።

እጥፍ አድርገን አንድ ብንጨምርበት ግን 4,294,967,295 ይመጣል፤ ይህ ደግሞ 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 ነው። አምስቱም ሁለት በራሱ ተደጋግሞ ሲባዛ በሚገኝ ቁጥር ላይ አንድ ተጨምሮባቸው የሚገኙ፣ ፌርማ ያጠናቸው ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከዚህ ዓይነት እስከ ዛሬ የታወቁት እነዚሁ አምስቱ ብቻ ናቸው። የሒሳብ ሊቁ ጋውስ እንደገለጸው በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሣል የሚችል ባለ ጎዶሎ ጎን እኩል ጎናማ ቅርጽ የጎኑ ብዛት ከነዚህ የተውጣጣ መሆን አለበት። እንግዲህ የታወቀው ትልቁ እንዲህ ያለ ቅርጽ 4,294,967,295 ጎን አለው ማለት ነው። ማንም አይሥለውም፤ ከክብ የሚለይበት ዓይንም የለም።

ሁለት ወደ ላይ ስንወጣ 4,294,967,297 አለ። ፌርማ ይህንን ስድስተኛ አድርጎ ብቸኛ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732 ወጣት ሳለ 641 × 6,700,417 መሆኑን አሳይቶ አስቀረው። ዘዴው ከአርባ ዓመት በኋላ የተጠቀመበት ያው ወንፊት ነው።

አንድ የሚያንሰው ጎረቤት

2,147,483,646 ከወንድሙ በተቃራኒ የተዘረገፈ ነው፦ 2 × 3 × 3 × 7 × 11 × 31 × 151 × 331። ይህን የአካፋይ ዝርዝር ማወቅ እ.ኤ.አ. በ1969 ለኮምፒውተር ሰዎች ትልቅ ጥቅም ሰጠ።

ኮምፒውተር ዕጣ መጣል አይችልም፤ የታዘዘውን ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ለሙከራ፣ ለጨዋታ፣ ለናሙና የዘፈቀደ ቁጥር ሲፈለግ ዘፈቀደ የሚመስል ቁጥር በስሌት ይመረታል። የአይቢኤም ሲስተም 360 ኮምፒውተርን ይጠቀሙ የነበሩ ሦስት ተመራማሪዎች፣ ሉዊስ፣ ጉድማንና ሚለር፣ የሌመርን የቆየ ሐሳብ ይዘው እንዲህ አደረጉ፦ ከአንድ ቁጥር ተነሣ፣ በ16,807 አባዛ፣ በ2,147,483,647 ገድፈህ ቀሪውን ያዝ፣ ቀሪውን እንደገና አባዛ። ከ1 ብንነሣ 16,807፣ ከዚያ 282,475,249፣ ከዚያ 1,622,650,073፣ ከዚያ 984,943,658 ይመጣል። ሥርዓቱ የማይታይ ሰልፍ ነው።

ለምን 16,807? እርሱ 7 አምስት ጊዜ በራሱ የተባዛ ነው። የማንኛውም አባዢ ዙር ርዝመት 2,147,483,646ን እኩል የሚከፍል ነው፤ ይህ የፌርማ ሕግ ዘመድ ነው። መጥፎ አባዢ የተመረጠ እንደሆነ ዙሩ አጭር ሆኖ ያው ቁጥሮች ቶሎ መደጋገም ይጀምራሉ። ለምሳሌ 2ን ብንመርጥ፣ ቀደም ሲል እንዳየነው፣ በ31 እርምጃ ወደ ተነሣንበት እንመለሳለን። 7ን ብንመርጥ ግን ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉት ሁሉ አንድም ሳይቀር፣ አንድም ሳይደገም ይመጣሉ። ይህን ለማረጋገጥ ሁለት ቢሊዮን እርምጃ መሄድ አያስፈልግም፤ የጎረቤቱን ሰባት ብቸኛ አካፋዮች ይዞ ሰባት ፈተና ማድረግ ይበቃል። ሙሉ ዙር የሚሰጡ አባዢዎች 534,600,000 ናቸው፣ ሩብ ያህል። ፓርክና (ሌላ) ሚለር እ.ኤ.አ. በ1988 ይህን መንገድ ሁሉም ሊያሟላው የሚገባ ዝቅተኛ መለኪያ አድርገው ሲያቀርቡ መፈተኛም ሰጡ፦ ከ1 ተነሥቶ አሥር ሺህ እርምጃ የሄደ ፕሮግራም 1,043,618,065 ላይ ካልደረሰ ጸሐፊው ተሳስቷል። ዛሬ አንድ ተራ ኮምፒውተር ሙሉውን ዙር በሰኮንዶች ስለሚጨርሰው ለቁም ነገር አይመከርም። ለሃያ ዓመታት ግን የባርሎ የማይጠቅም ቁጥር ብቸኛነቱ ራሱ ሥራ ላይ ውሎ ነበር።

የቆጣሪው ጫፍ

አብዛኛው ሰው ቁጥሩን የሚያገኘው በሌላ በር ነው። ኮምፒውተሮች ለአንድ ቁጥር 32 ቦታ መመደብ የተለመደ ሆነ፣ በእያንዳንዱ ዜሮ ወይም አንድ የሚገባበት። ግማሹ ዕድል ከዜሮ በታች ላሉት ይሰጣል፤ ለቀሪው 31 ቦታ ይተርፋል። ሁሉም በአንድ ሲሞሉ 2,147,483,647 ነው፤ ከዚያ በላይ ቦታ የለም። አንድ ቢጨመር አሃዞቹ ተገልብጠው ኮምፒውተሩ ከዜሮ በታች 2,147,483,648 ብሎ ያነበዋል። ገንዘብ በሳንቲም እየቆጠረ በዚህ ልክ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ከ21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም በላይ ያለው ሰው ሲመጣበት ባለ ዕዳ ያደርገዋል።

ይህ ጫፍ ብቸኛ ቁጥር መሆኑ አጋጣሚ ነው። ባለ16 ቦታው ጫፍ 32,767 ነው፤ እርሱ 7 × 31 × 151 ነው። ባለ64 ቦታው ጫፍ 9,223,372,036,854,775,807 ነው፤ 63 በ3 ስለሚካፈል እርሱም በ7 ይካፈላል። መሐንዲሶቹ ብቸኛ ቁጥር አልፈለጉም፤ 8፣ 16፣ 32 እያሉ ሲያጥፉ 31 ላይ ወደቁ።

ጫፉን ሕዝብ ያየው በኅዳር 2007 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ፣ የፈረንጆቹ 2014 ሊያልቅ ሲል ነው። የኮሪያዊው ዘፋኝ የሳይ «ጋንግናም ስታይል» በዩቲዩብ የታየበት ብዛት 2,147,483,647ን አለፈ፤ ዩቲዩብም ቆጣሪውን ወደ 64 ቦታ ማሳደጉን አሳወቀ።

ከዚህ የከበደው የሰዓት ጉዳይ ነው። ዩኒክስ የሚባለው ሥርዓትና ከእርሱ የተወለዱት ጊዜን የሚቆጥሩት ከፈረንጆች 1970 መባቻ፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ባለፉት ሰኮንዶች ነው። 2,147,483,647 ሰኮንድ 68 ዓመት ከ18 ቀን ከጥቂት ሰዓት ነው። በባለ32 ቦታ ቆጣሪ የመጨረሻው ሰኮንድ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ይውላል፤ በእኛ ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት። ሰዓቱም በኢትዮጵያ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰኮንድ ነው፤ በከተራ የወረዱት ታቦታት ጃንሜዳ አድረው ምእመኑ ለጥምቀተ ባሕሩ ቡራኬ በሚሰበሰብበት ሰዓት። በሚቀጥለው ሰኮንድ ያልታደሰ መሣሪያ ዘመኑን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ሌሊት ብሎ ያነበዋል፣ ዳግማዊ ምኒልክ በዙፋን ላይ ሳሉ። አዲሶቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በ64 ቦታ ስለሚቆጥሩ አይነካቸውም፤ ያ ቆጣሪ 292 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይበቃል። የሚያሰጋው ግድግዳ ውስጥ፣ ማሽን ውስጥ፣ ፓምፕ ውስጥ ተገጥሞ የተረሳው አሮጌ መቆጣጠሪያ ነው።

ቁጥሩ ራሱ ርቢ ሲሆን

የቀረ አንድ ጥያቄ አለ። 31 ራሱ የመርሴን ቁጥር ነው፣ 2⁵ አንድ ሲቀነስለት። ስለዚህ 2,147,483,647 ድርብ መርሴን ነው። እንዲህ ያሉ ብቸኛ ቁጥሮች የታወቁት አራት ብቻ ናቸው፦ 7፣ 127፣ የእኛው ቁጥርና ሉካ ያገኘው ባለ39 አሃዝ። ታዲያ አንድ ደረጃ ብንወጣስ? ሁለትን 2,147,483,647 ጊዜ አባዝተን አንድ ብንቀንስ ከ646 ሚሊዮን በላይ አሃዝ ያለው ቁጥር ይመጣል። ይህን መጽሐፍ በሚያህል ጥራዝ ቢታተም በሺዎች የሚቆጠሩ ጥራዞች ይወጣዋል።

ብቸኛ ነው? አይደለም፤ 295,257,526,626,031 ያለ ቀሪ ያካፍለዋል። ይህን አካፋይ የሚፈልግ ሰው ግዙፉን ቁጥር መጻፍ አላስፈለገውም። 31 በቆመበት ቦታ 2,147,483,647ን ቢያቆም፣ የኦይለር ወንፊት አካፋዩ አንድ ሲቀነስለት በ2,147,483,647 መካፈል እንዳለበት አስቀድሞ ይነግረዋል። ከ295,257,526,626,031 አንድ ቀንሶ የሚያካፍል አንባቢ 137,490 ያገኛል፤ የሚተርፍ የለም።